የግቢ ወፎችና የእሳት ራቶች በድሬ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ አንድ ትልቅ ኒም፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ፓፓያ፣ አንድ ሮማንና ግድግዳውን የወረረ ቡገንቪላ አለ። ዓመቱን ሙሉ እዚያ የሚመጡትን ወፎችና ማታ በረንዳ መብራት ላይ የሚያርፉትን የእሳት ራቶች በደብተር ስጽፍ ከረምኩ። ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ደግሞ ይደጋገማል፣ ስለዚህ አንድ ላይ ሰበሰብኩት። የፈለጋችሁትን መርጣችሁ አንብቡ።

አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?

አለኝ አቦ! ቢሮ እገባለሁ፣ ልጆች አሉኝ፣ ቤቱም እኔኑ ነው የሚጠብቀው። ወፍ ማየት ሲባል ሰው ጫካ መሄድ፣ ድንኳን መትከል፣ ትልቅ መነጽር አንገት ላይ ማንጠልጠል ይመስለዋል። እኔ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በሌላ ሥራ መሃል ነው። ውሃ በፈረቃዋ ስትመጣ በርሜሉ እስኪሞላ ጎማውን ይዤ እቆማለሁ፣ ቀና ብሎ ዛፍ ለማየት ያቺ ጊዜ ትበቃለች። ልብስ ሳሰጣም ያው ነው። ከሰዓት ሰፈሩ በርጫ ላይ ጋደም ሲል እኔ በረንዳ ላይ ሩዝ እለቅማለሁ፤ እጄ ሩዙ ላይ፣ ዓይኔ ሎሚው ላይ።

በረመዳን ደግሞ ጎረቤቶቼ ለሱሁር ሲነሱ የሳህኑ ድምፅ እኔንም ይቀሰቅሰኛል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም፣ ጋደም እንዳልኩ የመጀመሪያው ወፍ መቼ እንደሚጀምር አዳምጣለሁ። ግቢዬ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀዳሚው ያ ራሱ ጠቆር፣ ገላው ቡናማ የሆነው፣ በየአጥሩ የምታዩት ለፍላፊ ወፍ ነው። ቡልቡል ይሉታል። ከሱ በኋላ ርግቦቹ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ።

ወጪዬ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ወፉስ ይሁን፤ የእሳት ራት ምን ጨመረው?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ዓመቱ ሲያልቅ የገባኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት አይቻልም።

ቢጫዎቹን ጎጆ ሠሪዎች ታውቋቸዋላችሁ፣ ግራር ጫፍ ላይ ሣር ፈትለው ጎጆ የሚያንጠለጥሉትን። ትልቁ ወፍ ፍሬ ለቃሚ ነው፣ ማሽላም ያገኘ እንደሆነ አይምርም። ጫጩት ሲፈለፍል ግን ነገሩ ይቀየራል። ጫጩት በደረቅ እህል አያድግም፣ ለስላሳ ነገር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወላጆቹ ቀኑን ሙሉ ትልና ነፍሳት ሲያመላልሱ ይውላሉ። ያ ትል ከየት መጣ? ብዙው የእሳት ራት ልጅ ነው። የእሳት ራቷ ማታ መጥታ ቅጠል ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ትል ይሆናል፣ ትሉ ቅጠል በልቶ ሙሽሬ ይሆናል፣ ከሙሽሬው ሌላ የእሳት ራት ይወጣል። ወፏ መሃል ላይ ገብታ ድርሻዋን ትወስዳለች። የሌሊት ወፍም፣ ግድግዳ ላይ ያለችው እንሽላሊትም እንደዚሁ ድርሻ አላቸው።

ስለዚህ ሎሚዬ ላይ ትል አየሁ ብላችሁ ወዲያው መርዝ ስትረጩ የጫጩቷን ምሳ ነው የወሰዳችሁት። ጥቂት የተበሳ ቅጠል ሎሚ አይገድልም። በቆሎና ማሽላ ያለው ገበሬ ላይ ግን አልፈርድም፣ የሱ ነገር ሌላ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ውስጥ የተገኘው፣ እሱም የእሳት ራት ልጅ ነው፤ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ሲገባ ቀልድ የለውም። እኔ የማወራው ስለ ግቢ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ውስጥ የሞላው ኒም ነው፣ ጥላውም ይመሰገናል፣ ወፍም ፍሬውን ይለቅማል። ቅጠሉ ግን መራራ ነው፣ ብዙ ነፍሳትን የሚያባርር ነገር አለው፣ ትል እምብዛም አይወደውም። ግቢው በሙሉ ኒም ከሆነ ጫጩት የሚያሳድጉት ወፎች ይቀንሱባችኋል። አንድ ሎሚ፣ አንድ ግራር፣ ወይ ደግሞ ጥግ ላይ ያልታረመ አረም ይበቃል። ባለቤቴ ያችን የአረም ጥግ ሊያጸዳት በተነሳ ቁጥር እንጣላለን።

የሎሚው ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ትል አለ። የእሳት ራት ነው?

አይደለም፣ እሱ የቢራቢሮ ነው። ሕፃን እያለ የወፍ ኩስ መስሎ ወፍን ያታልላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ብትነኩት ከራሱ በላይ ብርቱካናማ ቀንድ ያወጣና ይሸታል። ጥቁርና ቢጫ የሆነችው ትልቋ ቢራቢሮ ናት የምትወጣው። ችግኙ ገና ትንሽ ከሆነ በእጅ ልቀሙት። ዛፉ ትልቅ ከሆነ ተዉት።

ድሬ ቁራና ርግብ እንጂ ምን ወፍ አላት?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው ዝቅ ያለውንና ሞቃቱን አገር የሚወድ ነው፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ቁራ ስትሉ ራሱ አንድ አይደለም። ደረቱ ነጭ የሆነው አለ፤ ሁለመናው ጥቁር ሆኖ ሲበር ጅራት የሌለው የሚመስለው፣ ገደል የሚወደው ደግሞ ሌላ ነው። ሰማይ ላይ ሲዞር አይታችሁ ጅራቱ አጭር ከሆነ ሁለተኛው ነው። ርግብም እንደዚሁ ነው። ትልቁ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ የሆነው ጣሪያ ላይ ይኖራል። ትንሿና የምትስቅ የምትመስለው ዋኖስ መሬት ላይ ትለቅማለች።

ከዚያ የአበባ ማር የምትጠጣው አለች። አውራ ጣት የምታህል፣ ምንቃሯ ረዥምና ጎበጥ ያለ፣ ወንዱ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያብለጨልጭ። ሮማኑ ሲያብብ አትጠፋም። እሬት ካላችሁ ደግሞ በደንብ ትመጣለች። ጎጆዋን የሸረሪት ድር ለቃቅማ ነው የምታያይዘው፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ ያለውን ድር ሁሉ በመጥረጊያ አትጥረጉባት።

መሬት ላይ ደግሞ ሰማያዊዋን ትንሽ ወፍ ፈልጉ። ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። የሣር ዘር ለቃሚ ናት፣ ከሰው ብዙም አትሸሽም። እኔ ቤት ከእንግዳ ጋር ሆኜ ስጠቁም ‹‹ይሄ ከተማ ውስጥ አለ?›› የማይል የለም። ሆዱ ብርቱካናማ፣ ጀርባው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ የሆነ፣ እየዘለለ ፍርፋሪ የሚለቅም ደፋር ወፍ ካያችሁ እሱን ወፍ በሚለይ የስልክ አፕ ላይ ‹‹ሱፐርብ ስታርሊንግ›› ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ሁድሁድን ለማስተዋወቅ አልደክምም፤ ከነቢዩ ሱለይማን ታሪክ ልጆቻችሁም ያውቁታል። ያው ራሱ ነው፣ ዘውዱን አጥፎ ሣር ውስጥ ምንቃሩን እየወጋ ትል ይፈልጋል።

ዓመቱ እንዴት ነው የሚዞረው? መቼ ልጀምር?

ነገ ጀምሩ። ግን ወሩን ማወቅ ይጠቅማል።

መስከረምና ጥቅምት ምርጡ ጊዜ ነው። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ቅጠሉ ሙሉ ነው፣ ትሉም፣ የእሳት ራቱም በሽ ነው። በዚሁ ላይ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹት ይደርሳሉ። ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለችው ጨረባ ሽቦ ላይ ስትሰለፍ መጡ ማለት ነው። ከተማችንን አቋርጦ በሚሄደው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ውሃው ከሄደ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጎንበስ ቀና የሚል፣ ሲበር ከጅራቱ በላይ ነጭ የሚታይ ትንሽ ወፍ አለ። የዚህ ወፍ ዘመዶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ትንሽ መሣሪያ ታስሮባቸው ከአላስካ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር እንደሚበሩ ታውቋል። ክብደቱ 25 ግራም ገደማ ነው። እኛ ጅቡቲ ደርሰን ስንመለስ ደክሞን እንተኛለን።

ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ መብራቱ ላይ የሚመጣው ይሳሳል። ወፉ ግን ወደ ውሃ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ለወፍ ጥሩ ጊዜ ነው። ጥር ላይ የሠርግ ድንኳንና ሞንታርቦ ሰፈሩን ሲይዘው ምንም አትሰሙም፤ ያኔ በዓይን ብቻ ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ በልግ ከጣለ ሁሉ ነገር ይነሳል። ጎጆ ሠሪዎቹ ሣር መቅደድ ይጀምራሉ። ሠሪው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መጥታ ገብታ ትፈትሻለች፣ ካልወደደችው ትታ ትሄዳለች፣ እሱም ብዙ ጊዜ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። በዚያው ሰሞን እንግዶቹ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሽቦው ባዶ ነው፣ ማንም አልተሰናበተም።

ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ቀትር ላይ ወፍ የለም ማለት ይቻላል። ያለውም ጥላ ውስጥ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ወፍ ላብ የሚያወጣበት ዕጢ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአተነፋፈስ ነው። ታሞ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ያያችሁትን አያችሁ፣ ከዚያ እናንተም ግቡ።

ሐምሌና ነሐሴ ማታ ማታ የእሳት ራት ነው። ከዝናብ ማግሥት ያለ ሞቅ ያለ፣ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት ከሁሉ ይበልጣል። ሰው ያኔ ዓይኑ ደቻቱ ላይ ነው፤ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሁሉ ተራራው ላይ ሲያስገመግም እንቅልፍ አይወስደውም። እኔም ከነቃሁ አይቀር በረንዳው ጋ ወጣ እላለሁ።

ለወፎቹ ውሃ ላስቀምጥ?

አዎ፣ ግን ይቺን በደንብ አንብቡ። ድሬ ውስጥ ውሃ ማስቀመጥ ኃላፊነት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባሉት ትንኝ የምታስተላልፋቸው በሽታዎች ከተማችን ውስጥ ገብተው ብዙ ሰው ተኝቷል። በ2022 ደግሞ ከእስያ የመጣችው፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባው የወባ ትንኝ ያመጣችው ወረርሽኝ ነበር። ሁሉም ትንኞች የሚፈልጉት የቆመ ውሃ ነው። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሳህን፣ በየቀኑ ወይ ቢበዛ በሁለት ቀን መድፋት፣ ዙሪያውን በብሩሽ መፈተግ። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፣ ሳህኑ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ስትፈትጉ እሱም አብሮ ይነሳላችኋል። ይሄን የማታደርጉ ከሆነ አታስቀምጡ። በግልጽ ነው የምናገረው።

ጥልቀቱ ሁለት ጣት ይበቃል። መሃሉ ላይ ድንጋይ አድርጉ፣ ትንንሾቹ እዚያ ይቆማሉ። ድመት የምትደበቅበት ቁጥቋጦ አጠገብ አይሁን። ውሃ በፈረቃ ሆኖ ለወፍ ይተርፋል ወይ ለሚሉኝ፦ አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል፣ ሳሙናና ጨው ካልገባበት።

ምግብስ?

ጥቂት ማሽላ ወይ ዘንጋዳ፣ ጨው የሌለበት የሩዝ ትርፍራፊ። ዳቦ አታብዙ፣ ሆድ ይሞላል እንጂ አይጠቅምም። ከመጠን በላይ ከበተናችሁ አይጥ ነው የምትቀልቡት። እኔ ከምግብ ይልቅ ውሃና ተክል ላይ ባተኩር ይሻላል ባይ ነኝ።

የእሳት ራት መብራት ላይ ለምንድነው የሚዞረው?

ጨረቃ መስሎት ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ እየቀረጸ ሌላ ነገር አሳየ። ሌሊት የሚበሩ ነፍሳት የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ የሚያውቁት ጀርባቸውን ብሩህ ወደሆነው አቅጣጫ በማዞር ነው። በተፈጥሮ ብሩሁ ሰማይ ነው፣ ስለዚህ ሁሌም ይሠራል። አምፖል ሲመጣ ግን ጀርባቸውን ወደ አምፖሉ ያዞራሉ፣ አካላቸው ያዘነብላል፣ በረራው ይጠመዘዛል፣ እናም ዙሪያውን መሽከርከር ብቻ ይሆናል። ወደውት አይደለም፤ መውጫው ጠፍቷቸው ነው።

ለዚህ ነው አይቼ ስጨርስ መብራቱን የማጠፋው። ሌሊቱን ሙሉ የበራ መብራት ጉልበታቸውን ይጨርሳል፣ የተረፈውን ጠዋት ወፍ ይለቅመዋል። የበረንዳ መብራት የግድ ማብራት ካለባችሁ ቢጫ አምፖል ይሻላል። ነጭና ሰማያዊ የሚያደላው፣ ከሁሉ ይልቅ አልትራቫዮሌት ያለው፣ በጣም ይስባቸዋል።

ለማየት ምን ያስፈልጋል?

ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ አንጠልጥሉ፣ ከፊቱ መብራት አድርጉ፣ ጠብቁ። በቃ። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋማ ተገኘ! ሁሉም ሲያማርር እኔ ቻርጅ የተደረገውን መብራት ይዤ እወጣለሁ፤ ሌላ ፉክክር ስለሌለ በዙሪያው ያለው ሁሉ ወደኔ አንሶላ ይመጣል። ልጆቹ ስልካቸውን ትተው የሚቀመጡበት ጊዜም ያኔ ነው፣ ምርጫ ስለሌላቸው።

በእጅ አትያዟቸው፣ ክንፋቸው ላይ ያለው ዱቄት መሰል ነገር ቅርፊት ነው፣ ይረግፋል። ዱቄቱ ዓይን ያጠፋል የሚባለው ውሸት ነው። አባ ጨጓሬን ግን እውነትም አትንኩ፤ የአንዳንዱ ፀጉር ቆዳ ያሳክካል፣ ያቃጥላልም።

ልብሴን የሚበሉት እነዚህ ናቸው?

አይደሉም። ልብስ የሚበላው ብል ትንሽዬ ናት፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ መብራት ትሸሻለች፣ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ነው ኑሮዋ። የሚበላውም እሷ አይደለችም፣ ትሏ ነው፤ የሚወደውም ሱፍና ፀጉር ነው። ጓዳ ውስጥ ገረጣ ያሉ ትንንሾች ከበዙባችሁ የማሽላውን ወይ የዱቄቱን ጆንያ ፈትሹ፣ ከዚያ ነው የሚወጡት። አምፖል ላይ የሚዞሩት ትልልቆቹ ልብሳችሁን አይፈልጉም። ጭራሽ አፍ የሌላቸው አሉ፣ በትልነታቸው የበሉትን ይዘው ነው የእድሜያቸውን ቀሪ ቀናት የሚጨርሱት።

የእሳት ራት ልጅ ደግሞ የሚያለብስም አለ፤ ሐር እኮ የነሱ ሥራ ነው። እዚህ አገር መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራበት አንዱ የሐር ትል ጉሎ ቅጠል በል ነው።

ጀርባው ላይ የሰው ራስ ቅል ያለበት፣ ሲነኩት የሚጮህ ነገር ቤቴ ገባ። ምንድነው? ፈራሁ።

ብዙ ሰው ይፈራል፣ አልፈርድባችሁም። መላው አፍሪካ ውስጥ ያለ ትልቅ የእሳት ራት ነው። ራስ ቅል የመሰለው የቅርፊቱ ቀለም ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ጩኸቱ ግን እውነት ነው፣ አየር በአፉ ስቦ ሲያስወጣ ጢጥ ጢጥ ይላል። አይነክስም፣ አይናደፍም። ሥራው ሌብነት ነው፤ ቀፎ ገብቶ ማር ይሰርቃል። ብርጭቆ ክደኑበት፣ ከሥር ወረቀት አስገቡ፣ ወደ ውጭ ልቀቁት። ጠበል የሚረጭበት ነገር የለም።

ሲመሽ አበባ ላይ አየር ላይ ቆማ የምትጠጣ ትንሽዬ ወፍ አየሁ። ሃሚንግበርድ ናት?

ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ የለም። ያያችሁት የእሳት ራት ነው፣ በጣም ፈጣን ከሆኑት ወገን። ክንፉ አይታይም፣ ምላሱ እንደ ክር ረዥም ነው፣ አንዳንዱ በቀንም ይወጣል። ወፍ ከሆነች አበባው ላይ ታርፋለች፣ ምንቃርም ይታያል። ከነዚሁ ወገን አንዷ አረንጓዴ እብነበረድ የመሰለች ናት። ትሏ መርዛማውን ኦሊያንደር በልቶ ምንም አይሆንም።

ፓፓያዬን የሚጨርሱት ረጅም ጅራት ያላቸው ወፎችስ?

በቡድን መጥተው፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ ፓፓያውን ቦርቡረው የሚሄዱት። ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሲሞቁ ታዩአቸዋላችሁ። አንዳንዶቹ ማጅራታቸው ላይ ሰማያዊ አለባቸው። እኔም ተናድጃለሁ፣ ፓፓያ የዋዛ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፍሬው ገና ቢጫ ሲያወጣ ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ አብስሉት፣ ወይ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት። ከላይ የማትደርሱበትን ተዉላቸው። ዘይቱናም ላይ ያው ነው።

ማታ ጉጉት ጣሪያችን ላይ ጮኸች። ምን ልታመጣብን ነው?

ምንም። ጎረቤቴ እትዬ ይሄን ስላቸው ‹‹እሱን ለልጆች ንገሪ›› ይሉኛል፣ እኔም ከሳቸው ጋር አልከራከርም። ጉጉቷ ግን የመጣችው አይጥና መብራት ላይ ለሚሰበሰቡት ነፍሳት ነው። የምትጮኸው ቦታዬ ነው ለማለት ወይ የትዳር ጓደኛ ለመጥራት ነው። ቤታችሁ አይጥ ካለ እሷን ማባረር ኪሳራ ነው።

ጫጩት ወድቃ አገኘሁ። ላሳድጋት?

ላባ አውጥታ ከሆነ መብረር እየተለማመደች ነው፣ እናቷ ቅርብ ናት። ከመንገድና ከድመት አርቃችሁ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጧት፣ ራቁ። ላባ ካልበቀላት ጎጆውን ፈልጋችሁ መልሷት። ሰው የነካውን እናቱ ትጥላለች የሚባለው ትክክል አይደለም። ውሃ በአፏ አታንቆርቁሩ፣ ወደ ሳንባ ይገባል።

ሰፈር ልጆች በወንጭፍ ያሳድዷቸዋል። ምን ይሻላል?

መጮህ አይሠራም፣ ሞክሩት ብትፈልጉ። የሠራልኝ ሌላ ነው። ከነሱ ውስጥ ዓይኑ ፈጣን የሆነውን ጠርቼ ‹‹ቢጫው ወፍ ዛሬ ስንት ጎጆ እንደሠራ ቆጥረህ ንገረኝ›› አልኩት። አሁን ሌሎቹ ጎጆው ላይ ሲወረውሩ የሚጣላቸው እሱ ነው።

ሐረር ብሆንስ?

ከድሬ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ ነው፣ ግን የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ 1,885 ሜትር ላይ ስትደርሱ ሌላ አገር ነው። ብርዱም፣ ዛፉም፣ ወፉም ይለያል። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባል የለ። የደጋ ወፎች ይጨመሩላችኋል፣ ማታ ደግሞ ስለሚቀዘቅዝ የእሳት ራት ለማየት ሞቅ ያለውን ሌሊት መጠበቅ አለባችሁ። መንገድ ላይ ደርቆ ውሃ መልሶ የያዘውን የሐረማያ ሐይቅ ጎራ ብላችሁ እዩ፣ የውሃ ወፍ ግቢ አይመጣላችሁም።

ጀጎል ውስጥ ሥጋ ተራ ያሉት ጭላቶች ዝነኛ ናቸው። ሥጋ በእጅ ይዛችሁ ብትቆሙ ከሰማይ ወርደው ይነጥቃሉ፣ ቱሪስት ለዚህ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። ግቢ ውስጥ ይሄን አትለማምዱ። አንዴ የለመደ ጭላት የልጅ ሳምቡሳና የእናንተን ሥጋ አይለይም፣ ጥፍሩም ይቧጭራል። ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ጫጩት ላይ ነው የሚጀምረው።

በምን አፕ ልለያቸው?

ለወፍ መርሊን የሚባለው አለ፣ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጣው፣ ነፃ ነው። በዋይፋይ የአካባቢያችንን ጥቅል አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለእሳት ራት አይናቹራሊስት ይሻላል፤ ፎቶ ስትጭኑ ሌላ አገር ያለ ባለሙያ ያርማችኋል። ግን ተስፋ አትቁረጡ ስም ስታጡ፣ በዓለም ላይ 160,000 ገደማ የእሳት ራት ዝርያ ተገልጿል፣ ወፍ 11,000 ገደማ ነው። እኔ ደብተር ላይ ‹‹ባለ ቀይ ነጥብ ነጯ›› ብዬ የጻፍኳት አለች፣ ስሟን ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በቁም ነገር መግባት ለምትፈልጉ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ነው።

ደብተሩ ላይ ምን ልጻፍ?

ቀን፣ ሰዓት፣ ዝናብ ጥሎ ነበር ወይስ አልጣለም፣ ምን አየሁ፣ ምን ያደርግ ነበር። የመጨረሻው ከስሙ ይበልጣል። ‹‹ቢጫ ወፍ፣ አፉ ውስጥ አረንጓዴ ትል፣ ወደ ግራሩ ሄደ›› ብላችሁ ብትጽፉ በቂ ነው። የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ተጠቀሙ ወይ የፈረንጁን፣ ግን አትቀላቅሉ፣ በኋላ ራሳችሁ ትደናገራላችሁ።

ካሜራ ወይ መነጽር ልግዛ?

አትቸኩሉ። ለእሳት ራት ስልክ ይበቃል፣ አንሶላ ላይ ዝም ብለው ስለሚቀመጡ። ለወፍ ግን ስልክ አይረዳም፣ ሩቅ ነጥብ ነው የምታነሱት። ዓመት ቆይታችሁ አሁንም እያያችሁ ከሆነ መነጽር ግዙ፤ ስምንት በአርባ ሁለት የሚባለው መጠን ለሁሉም ይሆናል። ሲገዙ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ሩቅ ያለ ጽሑፍ አንብቡበት፣ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ መልሱት።